ኮሶ የተከለከለች፣ ጠላ የተፈቀደላት፦ የነፍሰ ጡርና የአራስ መጠጥ ታሪክ በወገዳና አካባቢዋ

ወገዳ የስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳውን በሰሜን ላይ ጋይንት፣ በሰሜን ምሥራቅ ታች ጋይንት፣ በሰሜን ምዕራብ እስቴ ያዋስኑታል። በደቡብ በኩል መሬቱ እየተሰበረ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች ይወርዳል። ከጉና ተራራ በሚወርደው ደጋ ገብስ፣ በወይና ደጋው ጤፍ፣ በቆላው ማሽላ ይዘራል። ከእነዚህ እህሎች መካከል ከእንጀራና ከገንፎ የተረፈው፣ አንዳንዴም ያልተረፈው፣ ወደ ጠላ ጋን ይገባል።

ይህ ጸሐፊ ወጣት የጤና ባለሙያ በነበረበት ዘመን በዚሁ አካባቢ ከሚገኙ ጤና ጣቢያዎች በአንዱ የቅድመ ወሊድ ክትትል ያደርግ ነበር። በቅጹ ላይ ከሰፈሩት ጥያቄዎች አንዱ ስለ መጠጥ የሚጠይቅ ነው። አንዲት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር «መጠጥ ትጠጫለሽ ወይ?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ኧረ እኔ መጠጥ የሚባል አላውቅም ጌታዬ» አለችኝ። እኔም «አትጠጣም» ብዬ ጻፍኩ። ከሰዓት በኋላ ስወጣ ያችው ሴት ከአማቷ ጋር ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጣ፣ አማቷ ከቅል እየቀዱ ያጠጧታል። «እትዬ፣ ይህስ ምንድን ነው?» ብላቸው በመገረም አዩኝና «ይህማ ጠላ ነው ልጄ፤ የሦስት ሰዓት መንገድ በባዶ ሆዷ ትሂድ እንዴ?» አሉኝ። ውሸት አልነበረም። በአካባቢው አነጋገር «መጠጥ» ማለት አረቄና የጠርሙስ ቢራ ነው፤ ጠላ ግን ከእህል የሚቆጠር፣ ጥምን ብቻ ሳይሆን ረኀብን የሚቆርጥ ነገር ነው። የተሳሳተው ቅጹንም ራሴንም ያመንኩት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልጠፋም። የዚህ አገር እናቶች ለፅንሳቸው ምን ያህል ይጠነቀቁ እንደነበር የሚያውቅ ሁሉ፣ ጠላ ከዚህ ጥንቃቄ ውጪ ሆኖ እንዴት ቀረ? ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ኮሶና ጠላ

የቀድሞው የቤጌምድር ሰው እናት የምትውጠው ነገር ወደ ፅንሱ እንደሚደርስ አያውቅም ነበር ማለት ስሕተት ነው። ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምስክር ኮሶ ነው። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት ደጋ የኮሶ ትልን ለማስወጣት የዛፉ አበባ ደርቆና ተወቅጦ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ ይጠጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770ና በ1771 በጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ዛፉን ለአውሮፓ ሰዎች በሥዕልና በጽሑፍ አስተዋውቋል። አበባው በብዛት ሲወሰድ ፅንስ እንደሚያስወርድ ይታወቅ ስለነበር፣ ነፍሰ ጡር ሴት ከኮሶ ትከለከል ነበር። ይህ በላቦራቶሪ ያልተፈተነ፣ ነገር ግን በብዙ እናቶች ኀዘን የተገኘ እውቀት ነው።

እንግዲህ ነገሩን ልብ ይሏል። ኮሶው ተከለከለ፤ ኮሶው የተበጠበጠበት ጠላ ግን አልተጠረጠረም። ምክንያቱም ግልጽ ይመስለኛል። ኮሶ ጉዳቱን በአንድ ቀን ያሳያል፤ ደም ይፈስሳል፣ ፅንሱ ይወርዳል፣ ምክንያቱና ውጤቱ ጎን ለጎን ይታያሉ። አልኮል ግን ጉዳቱን የሚገልጠው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ክብደቱ ያነሰ ሕፃን ይወለዳል፤ ይህን ግን ረኀብም ወባም ያመጡታል። ልጁ ትምህርት ይከብደዋል፣ አንድ ቦታ መቀመጥ ይሳነዋል፤ ይህም «ተፈጥሮው ነው» ይባላል። በዓይን የማይታይን ሰንሰለት የገጠር እናት ሳታየው ቀረች ብሎ መውቀስ አይቻልም። በኋላ እንደምናየው የሠለጠነው ዓለም ሐኪምም ለረጅም ዘመን አላየውም።

ሃይማኖታዊው ትምህርትም ፍንጭ ሳይሰጥ አልቀረም። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 13 የሶምሶን እናት ልጁን ከመፀነሷ አስቀድሞ ከወይን ጠጅና ከሚያሰክር መጠጥ ሁሉ እንድትጠበቅ በመልአኩ ታዝዛለች። ይሁን እንጂ ይህ ታሪክ ለእግዚአብሔር የተለየ ልጅ ብሎ እንጂ ለእናቶች ሁሉ የተሰጠ የጤና ምክር ሆኖ አልተነበበም።

በጋኑ ውስጥ ያለው

ጠላ አንድ ነገር አይደለም። ጌሾው ከብቅሉ ጋር ተጠንስሶ፣ በአሻሮ ዱቄት ተደፍድፎ፣ ውሃ ተሞልቶ እስኪደርስ ድረስ በየደረጃው ስሙም ኃይሉም ይለያያል። ሳይጠል የሚቀዳው ጉሽ፣ የጠለለው ጠላ፣ ከድፍድፉ ላይ ሁለተኛ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቅራሪ፣ ሁሉም የየራሳቸው ጠጪ አላቸው። ቅራሪ ለሕፃናት፣ ለእረኞችና ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጥ ነው። ይህም ሕዝቡ የመጠጥን ኃይል ደረጃ በደረጃ ለይቶ፣ ለደካማው ደካማውን የመስጠት ልማድ እንደነበረው ያሳያል። ቅራሪ ከአልኮል ነፃ ባይሆንም ልማዱ ራሱ ጠቃሚ ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በ1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1977) በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የአገር ቤት መጠጦችን የአልኮል መጠን የሚለካ ጥናት ታትሞ ነበር። ከዚያ ወዲህም በልዩ ልዩ ጊዜ ልኬታዎች ተደርገዋል። በጥቅሉ ሲታይ ጠላ ከ2 እስከ 6 በመቶ፣ ጠጅ ከ7 እስከ 14 በመቶ፣ አረቄ ደግሞ ከ35 በመቶ በላይ አልኮል ይይዛል፤ ዳግም አረቄ ከዚህም ይበረታል። እነዚህን አኀዞች ወደ ጠጪዋ እጅ እናምጣቸው። 4 በመቶ አልኮል ያለው ግማሽ ሊትር ጠላ 20 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 16 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። 40 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የአረቄ መለኪያ፣ አረቄው 40 በመቶ ቢሆን፣ 13 ግራም ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ «አረቄ በአፌ አይዞርም» የምትለው እናት በአንድ ትልቅ ጣሳ ጠላ ከአንድ መለኪያ አረቄ የበለጠ አልኮል ልትወስድ ትችላለች። ይህን ሒሳብ ለባልደረቦቼ ሳሳይ በመጀመሪያ ያላመኑኝ ብዙ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ሐኪሞች ልብ ያላልነው ቅምሻ የሚባለውን ሥርዓት ነው። ጠላ የምታቀርብ ሴት ለእንግዳው ከመስጠቷ በፊት ጥቂት ቀድታ ራሷ ትቀምሳለች። ይህ መጠጡ ከመርዝ የጸዳ መሆኑን ማረጋገጫ፣ የጨዋነትም ምልክት ነው። በቤቷ ለባሏ እንግዶች ለምታቀርብ ሴት ቅምሻው ጥቂት ነው። ጠላ ሸጣ ለምትተዳደር ሴት ግን በገበያ ቀን ቅምሻው ከጠዋት እስከ ማታ ይቀጥላል፤ ደንበኛውም «ጠጪልኝ» ብሎ ይጋብዛታል፤ እምቢ ማለት ደንበኛን ማስቀየም ነው። ጠላና አረቄ መሸጥ ደግሞ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከተሞችና የገበያ መንደሮች መሬት የሌላት፣ ባሏን የፈታች ወይም ባሏ የሞተባት ሴት ልጆቿን የምታሳድግበት ሥራ ነው። እህል ከዓመት ዓመት በማያዳርስበት በዚህ አገር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ናቸው። በመሆኑም አንዲት ነፍሰ ጡር ጠላ ሻጭ «መጠጥ አቁሚ» ስትባል የምትሰማው «ዳቦሽን አቁሚ» የሚል ነው።

አረቄ የምታወጣዋ ሴት ደግሞ ተጨማሪ ጉዳት አለባት። ድፍድፉ በሸክላ ማሰሮ ላይ ለሰዓታት ሲነድ ጢሱ መስኮት በሌለው ቤት ይታፈናል። የጓዳ ጢስ የሕፃናትን የልደት ክብደት ከሚቀንሱ ነገሮች አንዱ ስለሆነ፣ አንዲት ቅንጣት አረቄ ባትቀምስ እንኳ ፅንሷ ከዚያ እሳት ዕዳ ይከፍላል።

የአራስ ቤት

በአማራው አገር ሴት የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት መሄዷ የቆየ ወግ ነው። ጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ምጧን ይካፈላሉ፤ ልጅ ሲወለድ እልልታ ይሰማል፤ ገንፎ ይገነፋል። አራስ ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም፣ ባዶ አፉንም አይመለስም። ወንድ ከሆነ እስከ 40፣ ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን፣ እስከ ክርስትናው ድረስ፣ ቤቱ የጠያቂ ቤት ነው። ለዚህ ሁሉ ጠላ አስቀድሞ ይጠመቃል። አራሷም «ወገብሽን ያጠናው፣ ጡትሽን ይሙላው» እየተባለች ትጠጣለች።

ጡት ይሞላል የሚለው እምነት የእኛ ብቻ አይደለም። በአየርላንድና በእንግሊዝ ጥቁር ቢራ፣ በሜክሲኮ ፑልኬ የሚባለው የተክል ጠላ ለአጥቢ እናቶች ይታዘዝ ነበር። ከዚህ እምነት በስተጀርባ ጥቂት እውነት አለ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተደረጉ ምርምሮች ቢራ የጠጡ ሴቶች ደም ውስጥ ወተት የሚያመነጨው ፕሮላክቲን የተባለ ሆርሞን ከፍ እንደሚል አሳዩ። የሚደንቀው ግን አልኮል የሌለው ቢራም ይህንኑ ማድረጉ ነው። የሠራው አልኮሉ ሳይሆን ገብሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው የሜኔላና የቦሻም ጥናት ደግሞ እናታቸው አልኮል ከወሰደች በኋላ ሕፃናቱ ደጋግመው ቢጠቡም የሚያገኙት ወተት እንደሚቀንስ አረጋገጠ። አልኮል ወተቱን ከጡት የሚያወርደውን ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን ያዳክማልና።

ይህ ግኝት ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። የገብስ አጥሚት፣ የገብስ ገንፎ፣ በሶና ቅንጬ ከጠላው ጋር በዚያው ጓዳ፣ ከዚያው ጎተራ የሚወጡ ናቸው። አያቶች «ገብስ ለአራስ ይበጃል» ማለታቸው ትክክል ነበር፤ ገብሱ በየትኛው ዕቃ ይቅረብ የሚለው ብቻ ነው የሚቀረው።

ሐኪሞች ዘግይተው ያዩት

ከገጠሩ ወደ ውጪው ዓለም ብንወጣ፣ የሕክምናው ዓለም ይህን ነገር ለመረዳት ምን ያህል እንደዘገየ እናያለን። እ.ኤ.አ. በ1726 የለንደን የሐኪሞች ኮሌጅ ጂን የተባለው ርካሽ አረቄ ደካማና በሽተኛ ልጆች እንዲወለዱ ምክንያት መሆኑን ለፓርላማ በአቤቱታ አመልክቶ ነበር። ሠዓሊው ዊልያም ሆጋርት በ1751 ባሳተመው ዝነኛ ሥዕል የሰከረች እናት ሕፃኗን ከደረጃ ላይ ስትጥል ትታያለች። ሥዕሉ የሰውን ልብ ነካ፤ የክፋቱን ምክንያት ግን እናቲቱ ብቻ አስመሰለ። የትርፍ እህላቸውን ለአረቄ አውጪዎች የሚሸጡት ባለ መሬቶች በሥዕሉ ውስጥ የሉም።

እ.ኤ.አ. በ1899 በሊቨርፑል የእስር ቤት ሐኪም የነበረው ዊልያም ሳሊቫን 120 በመጠጥ የተጠመዱ ሴቶችን መርምሮ፣ ከወለዷቸው 600 ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሞተው እንደተወለዱ ወይም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሞቱ ጻፈ። በዚሁ ጥናቱ ሌላም ነገር አስተዋለ። በእርግዝናቸው ጊዜ ታስረው ከመጠጥ የተለዩ ሴቶች የወለዷቸው ልጆች ይሻሉ ነበር። ይህን አንዳንዶች «እስር ይጠቅማል» ብለው ተርጉመውታል። እኔ ግን ሌላ ነገር አነብበታለሁ። እነዚያ ድሆች በእስር ቤት ያገኙት መጠለያ፣ ዕለታዊ ምግብና ከመጠጥ መራቅን ነው፤ ሦስቱንም ያለ ሰንሰለት መስጠት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተረሳ ማለት ይቻላል። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1967 ፍሪትዝ ፉክስና ባልደረቦቹ ያለ ጊዜው የመጣን ምጥ ለማስቆም አልኮልን በደም ሥር መስጠት እንደሚረዳ አሳትመው፣ ሕክምናው እስከ 1970ዎቹ ድረስ በብዙ ሆስፒታሎች ተሠራበት። ነፍሰ ጡር ሴቶች በሐኪም ትእዛዝ ሰክረው በአልጋ ላይ ያድሩ ነበር። የገጠር አማት ለምራቷ ከቅል ጠላ ስትቀዳ ሳይ የሚሰማኝን ቁጣ የሚያበርደው ይህን ታሪክ ማስታወስ ነው።

በፈረንሳይ ናንት ከተማ ፖል ለሟን የተባለ የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1968 ከጠጪ ወላጆች የተወለዱ 127 ልጆችን መርምሮ የሚመሳሰል መልክና የእድገት ጉድለት እንዳላቸው ገለጠ። ጽሑፉ በአንድ የአካባቢ መጽሔት በፈረንሳይኛ ስለወጣ ብዙ ሰው አላነበበውም። በአሜሪካ ሲያትል ኬነዝ ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1973 በላንሴት መጽሔት ስምንት ሕፃናትን ሲያቀርቡ ነው በሽታው ስም ያገኘውና ዓለም የተነጋገረበት። ጠባብ የዓይን መክፈቻ፣ ከአፍንጫ በታች ያለው ጎድጓዳ መስመር መጥፋት፣ የላይኛው ከንፈር መሳሳት፣ የራስ ማነስና የእድገት መዘግየት ምልክቶቹ ናቸው። ከዚህ መልክ ውጪ ሆነው በጠባይና በትምህርት ብቻ የሚቸገሩት ግን እጅግ ይበዛሉ።

የጉዳቱ አሠራር አስቸጋሪ አይደለም። አልኮል በእንግዴ ልጅ ያለ ከልካይ ያልፋል። የፅንሱ ጉበት አልኮልን የሚፈጭበት ኃይል ገና ስለሌለው፣ በሽርት ውሃው ውስጥም ስለሚቆይ፣ እናቲቱ ከነቃች በኋላ ፅንሱ በአልኮል ውስጥ ይቆያል። ፊትና ልብ የሚሠሩት ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ገና ባላረጋገጡበት ወቅት ነው። አንጎል ግን እስከ ልደት ድረስና ከዚያም በኋላ ማደጉን አያቋርጥም። ስለዚህ ጉዳት የለውም ተብሎ የተረጋገጠ መጠን የለም፤ በዚያው ልክ ደግሞ በሰባተኛው ወር መቀነስም «ከረፈደ በኋላ» አይደለም።

ስለ ጫትም አንድ ቃል። በየመን እ.ኤ.አ. በ1987 የታተሙ ጥናቶች ጫት የሚቅሙ እናቶች ልጆች የልደት ክብደት ከማይቅሙት ያነሰ መሆኑን፣ የጫቱ ንጥረ ነገርም በጡት ወተትና በሚጠባው ሕፃን ሽንት ውስጥ መገኘቱን አሳይተዋል። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ይህ የዕለት ጉዳይ ነው።

ማስፈራራት ያልፈታው

እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና፣ በቻርልስተን ከተማ በሚገኝ አንድ የሕዝብ ሆስፒታል ነፍሰ ጡሮች ሳያውቁ ሽንታቸው ለኮኬይን ይመረመር፣ ውጤቱም ለፖሊስ ይተላለፍ ነበር። አንዳንዶቹ ከወለዱ በኋላ ወዲያው ታሰሩ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2001 ያለ ፈቃድ የሚደረገው እንዲህ ያለው ምርመራ ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ወሰነ። የአሜሪካ የማኅፀንና የጽንስ ሐኪሞችም ቅጣት የምትፈራ ሴት ከክትትል እንደምትሸሽ ደጋግመው አስጠንቅቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው መመሪያም እያንዳንዷን ነፍሰ ጡር ስለ አልኮልና ስለ ሌሎች ሱስ አስያዥ ነገሮች በየክትትሉ ያለ ፍርድ መጠየቅንና በፈቃዷ መርዳትን መሠረት ያደረገ ነው።

በእኛ አገር የሚያስፈራው ፖሊስ ሳይሆን የሰው ዓይን ነው። አንድ ጊዜ በሰው ፊት «አንቺ ሰካራም» የተባለች እናት ወደ ጤና ጣቢያው አትመለስም። ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከጤና ባለሙያ የቅድመ ወሊድ ክትትል ያገኙት የኢትዮጵያ እናቶች 27 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ጥናት 74 በመቶ ደርሰዋል። በሠለጠነ ባለሙያ የተዋለዱትም ከ6 ወደ 50 በመቶ ከፍ ብለዋል። በ1947 ዓ.ም. በተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከሠለጠኑት የመጀመሪያዎቹ የጤና መኮንኖችና ነርሶች ጀምሮ፣ በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ወደየቀበሌው እስከወጡት ሠራተኞች ድረስ ስንት ሰው በእግሩ የደከመበት ውጤት ነው። በአንድ ክፉ ቃል መባከን የለበትም።

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አግዷል፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ የወገዳ ገበያ ጠላ ማስታወቂያው በር ላይ በእንጨት ጫፍ የተሰቀለ ጣሳ ነው፤ ወደዚያ ቤት የሚደርሰው አዋጁ ሳይሆን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት።

ምን ሊደረግ ይቻላል

ከሁሉ በፊት የጥያቄያችን ቃል ይስተካከል። «መጠጥ ትጠጫለሽ?» በማለት ፈንታ «ቤት ውስጥ ጠላ ተጠምቋል? ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ምን ምን ቀመስሽ? በምን ዕቃ? ስንት ጊዜ?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል። ጣሳውን፣ ዋንጫውንና መለኪያውን በጤና ኬላው አስቀምጦ በዕቃው እያሳዩ መጠየቅ ከቅጹ የተሻለ መልስ ያመጣል። አማቷ ወይም ባሏ ባሉበት የማትናገረውን ብቻዋን ስትሆን ትናገራለች።

አልፎ አልፎ ለምትጠጣ ነፍሰ ጡር ምክሩ ፈጽሞ መተው ነው፤ ምትኩም በእጇ ነው፦ አጥሚት፣ በሶ፣ ተልባ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ። ጠላን ከውሃ ይልቅ የሚመርጡት የምንጩ ውሃ ንጹሕ ስላልሆነ መሆኑን ግን አንርሳ፤ የውሃ ሥራም የዚህ ሕክምና ክፍል ነው። መተው ለማይሆንላት ከአረቄ ወደ ጠላ፣ ከጠላ ወደ ቅራሪ ማውረድ፣ በባዶ ሆድ አለመጠጣት፣ በሳምንት ያለ መጠጥ የሚያልፉ ቀኖችን ማብዛት ጉዳቱን ይቀንሳል። ቀድሞ የጠቀስኩት የቅራሪ ልማድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ የሕዝቡን የራሱን መሰላል ወደ ታች መውረድ ነውና። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን «ጠጪ ብሎ መፍቀድ» ይሉታል። እኔ ግን ፍጹም የሆነውን ምክር ሰምታ ከምትጠፋ እናት ይልቅ ግማሹን ፈጽማ በሚቀጥለው ወር የምትመለሰውን እመርጣለሁ።

ለጠላ ሻጮች ደግሞ ቅምሻው ይቀየር። ሌላ ሴት ትቅመስላት፣ ወይም ደንበኛው ራሱ ቀምሶ ይቀበል፤ «ማኅፀኔ ውስጥ ሰው አለ» ብትል የሚከፋ ጠጪ ያለ አይመስለኝም። የሴፍቲኔት ተጠቃሚ የሆነች ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት ከጉልበት ሥራ ነፃ ሆና ድጋፉን የምታገኝበት ሥርዓት አለ፤ ይህን መብቷን ማስታወስና እንድትመዘገብ መርዳት ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

በየቀኑ አረቄ የምትጠጣና ጠዋት እጇ የሚንቀጠቀጥ ነፍሰ ጡር ግን ልዩ ጉዳይ ናት። እርሷን «ዛሬውኑ አቁሚ» ማለት አደጋ ነው። በድንገት ስታቆም የሚጥል በሽታ መሰል መንቀጥቀጥ፣ ቅዠትና የሰውነት መታወክ ሊደርስባት፣ ለእርሷም ለፅንሱም ሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። ወደ ሆስፒታል ተልካ በሐኪም ክትትል፣ ቫይታሚን ቢ 1 እየተሰጣት ማቆም አለባት። ይህን በየጤና ኬላው ያለ ባለሙያ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

ከወሊድ በኋላ ጡት ማጥባት በምንም ምክንያት አይቋረጥ። በእኛ ገጠር የጡጦ ወተት ከጠላው የከፋ አደጋ ያመጣል። አልኮል በወተት ውስጥ በደም ውስጥ ያለውን ያህል ነው፤ ከደም ሲወጣ ከወተትም ይወጣል፤ ወተቱን አልቦ መድፋት አያፈጥነውም። ስለዚህ የጠጣች እናት ከመጠጣቷ በፊት አጥብታ፣ ከዚያ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ሰዓት፣ ብዙ ከጠጣችም ከዚያ በላይ ቆይታ ማጥባት ትችላለች። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ሌሊቱ ነው። በመደቡ ላይ እናትና ልጅ አብረው ይተኛሉ፤ የሰከረ ሰው እንቅልፍ ከባድ ነው። በዚያች ሌሊት ሕፃኑን ያልጠጣች አያት ወይም እኅት አቅፋው ትደር።

ክርስትናው ሲደርስ ድግሱ አይቀርም፤ ይቅርም አይባልም። ያችን የመጀመሪያዋን ነፍሰ ጡር ከወለደች በኋላ በቤቷ ሄጄ ጠይቄያታለሁ። አማቷ ለእንግዶች ከጋኑ እየቀዱ፣ ለምራታቸው ከምድጃው ጥግ ካለች ትንሽ ማሰሮ ሌላ ነገር ይቀዱ ነበር። ለእኔም ጣሳ ሲያቀርቡልኝ «ለእኔስ ከማሰሮዋ ይቅዱልኝ» አልኳቸው። «አንተም አረስህ እንዴ?» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት፤ አጥሚቱንም ማር ጨምረው ሰጡኝ።